ከቀዩ ሥር

ጥር 9

ይድረስ ለወንድሜ ለጋቢና፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ ጆሮዬ እንደ ጥንቱ ነው፤ አይሰማም። ቀኙ ደግሞ ስልክ ላይ ያንተን ድምፅ ከአውቶቡስህ ጩኸት መለየት ስላቃተው በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ወረቀት ደግ ነው። መሃል ላይ ገብቶ አያቋርጥም።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ጸቡ እንግባ።

አዎ፣ እውነት ነው። መኪናዋ እኔ ጋ ናት። የአክስታችን ልጅ አፏን መሰብሰብ እንደማትችል እያወቅሁ ሱቄ ማስገባቴ ነው ጥፋቱ። "ለምን ደበቅሽኝ?" ትለኛለህ። አልደበቅሁህም፤ አልነገርኩህም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ አውርተህ ስለኖርክ ልዩነቱ አይገባህም።

ራሷ ናት፣ አትጠራጠር። ያቺ ካዲላክ። አባባ ለሳሙና ፋብሪካው ጌታ ይነዳት የነበረችው፣ ውሃ ሰማያዊዋ፣ ጭራዋ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ያወጣችው፣ በራችን ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ጎረቤት አጥር ጋ የሚደርሰው። አሁን ቀለሟ ተልጧል። ፊት ለፊት እንደ ጥርስ ይብለጨለጭ የነበረው ኒኬል ዝጓል። ግን በቀኝ ክንፏ ላይ አባባ ከፋብሪካው በር ጋር ሲያላትማት የወጣው ስርጉድ ካለበት አለ። ጣቴን ከትቼ አየሁት። ልክ ነው።

የገዛት ጥርስ ሐኪም ነው። ሞተሯን መካኒኮች አስነሥተውለት ወንበሯን እንዳለብስለት አመጣት። "መርፌ ለሚሏት ሴት እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ተብያለሁ" አለኝ። አየህ? ያንተ ቅጽል ስም የወጣው በተቀመጥክበት ነው፤ የኔ የወጣው በሠራሁበት።

ጋቢና! ስንት ዘመን ሰማናት ያቺን ወሬህን! "አባባ ጋቢና አስቀምጦኝ፣ ከፊት፣ ከጎኑ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየን…" ትምህርት ቤት አወራሃት፣ ሠርግህ ላይ አወራሃት፣ ለልጆቼ ሳይቀር አወራሃት። የገዛ ልጆቼ "እማዬ፣ አንቺስ ተቀምጠሽባት ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ታውቃለህ? "እኔ ጨርቅ አቀባይ ነበርኩ" ነው የምለው። ሌላ ምን አለኝ? አባባ ለምሳ ሲመጣ በራችን ላይ ያቆማታል፤ "ራቅ በሉ! ትንፋሻችሁ መስታወቷን ያደበዝዘዋል!" ይላል፤ እኔ ጨርቁን አቀብላለሁ፣ እሱ ይወለውላል። ፍሬን ሲይዝ የኋላ መብራቷ የተቀባ ከንፈር መስሎ ሲቀላ አያለሁ። መስታወቱ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ሲወጣ አያለሁ። ማየት ብቻ። አንተን ግን አስቀመጠህ፤ ወንድ ነሃ!

አስቀምጦህስ ምን አተረፈ? ክላክሱን ነካክተህ ከሥራ አስባረርከው። እማማ ራሷ ናት የነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ነጭ ጓንት የሚያደርግ ሰውዬ የሲሚንቶ ጭነት መኪና ሲነዳ፣ ሽፋሽፍቱ ድረስ አመድ መስሎ ሲገባ ኖረ። ይህን ሁሉ አድርገህ ደግሞ ጋቢና ተብለህ ትጠራለህ። እኔ ብሆን ስሙን በቀየርኩት።

አሁን "እኔ ልንዳት" ትለኛለህ። ስማ። ሐኪሙ ቃል ገብቶልኛል፤ ወንበሩን ስጨርስ መጀመሪያ ተቀምጣ የምትዞር እኔ ነኝ፣ መንገዱንም የምመርጥ እኔ ነኝ። እሱ ራሱ እሷን መንዳት ይፈራል። "ጥርስ ስነቅል እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ይቺን መርከብ ሳይ ግን…" ይላል። ስለዚህ ነጂ እየተፈለገ ነው። አንተ ግን አይደለህም። አንተ ከዚያች መኪና ድርሻህን በልተህ፣ አፍህን ጠርገህ ጨርሰሃል። ይሄ የኔ ነው።

ደግሞ "ያ ቀይ ወንበሯ አሁንም አለ ወይ?" ብለሃል። የምን ቀይ? ነጭ ነበር! እንደ ወተት ነጭ! አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ስንቴ አይቼዋለሁ። ተቀመጥኩበት የምትለውን ወንበር ቀለሙን ካላወቅህ፣ ለመሆኑ የተቀመጥከው ምን ላይ ነው?

እህትህ፣
መርፌ


ጥር 21

ለእህቴ ለመርፌ፤

እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሳነብ ሚስቴ ፊቴን አይታ "ማን ሞተ?" አለችኝ። "ማንም አልሞተ፤ እህቴ ሰላምታ ልካልኝ ነው" አልኳት።

ጉልበቴ ፍሬን ስይዝ ያመኛል፣ ነዳጅ ስሰጥ አያመኝም። ስለዚህ ፈጠን ብዬ እየነዳሁ ነው።

ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ልጆችሽ ፊት ያቺን ወሬ ማውራት አልነበረብኝም። ስለ ቀለሙ ግን አትሟገቺኝ፤ ቀይ ነው። ቁምጣ ለብሼ ነበር። ጭኔ ላይ ተጣብቆ ስነሣ ጠሽ ብሎ የሚላቀቀው ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ቀይ ነው።

የመንዳቱ ነገር፣ አንቺ ካልፈለግሽ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያለውን ልብስ አትፍቺው። አዲሱን ከላይ አልብሺውና ጨርሺ። ሐኪሙ ምን ያውቃል? አሮጌ ወንበር ሲፈታ አቧራው ለሳንባሽም ጥሩ አይደለም። የፊቱን እንኳ እንደፈለግሽ፤ የኋላውን ግን ጨርሶ አትንኪው።

ስለ ክላክሱ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። እሺ።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ለወንድሜ፤

ሰላም ነህ ወይ? ነህ መቼም። የሰው ሳንባ እስከመጠየቅ ያደረሰህ ደህና ብትሆን ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳስል አንድ ቀን "እህቴ ምን ሆነሽ ነው?" ያላልክ ሰውዬ፣ ዛሬ ለአቧራ አዘንክልኝ!

እኔ ለመሆኑ አውቶቡስህን በስንተኛ ማርሽ እንደምትነዳ ነግሬህ አውቃለሁ? ታዲያ በምን አፍህ ነው ስለ ወንበር የምትነግረኝ? አሮጌው ላይ አዲስ ደርቦ ማልበስ የሰነፍ ሰፊ ሥራ ነው። ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው። እኔ ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሌላ ሰው ስፌት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። የት ጋ እንደተሳሳተ፣ የት ጋ እንደሰረቀ፣ የት ጋ ክር እንዳጠረው፣ ፈትቼ ነው የማየው። መፍታት ነው ትምህርት ቤቴ። አንተ አትፍቺ ትለኛለህ!

ትምህርት ካነሣን አይቀር አንዷን ላስታውስህ። አባባ በሲሚንቶ መኪናው መንዳት ሲያስተምርህ፣ "እኔንስ?" አልኩት። እማማን አየት አደረጋትና "ለሷ የስፌት መኪና እንገዛላታለን" አለ። ገዛልኝ፣ አልክድም። ሁለቱም መኪና ነው የሚባል፣ አይደል? ያንተ መኪና ወንዝ አሻገረህ፣ አገር አሳየህ፣ ሚስት አመጣልህ። የኔ መኪና እዚያው ቁጭ ብሎ ተክ ተክ ተክ ይላል። ስንት መንገድ ሰፋሁ መሰለህ! አንድም ቦታ አላደረሰኝም።

አባባ እኮ ስለ ካዲላኳ ሳነሣ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ታስታውሳለህ? አንተ ስታወራ ዝም ብሎ ይሰማሃል፤ እኔ "አባባ፣ እኔን ለምን አላስቀመጥከኝም?" ስል ኮፍያውን አንሥቶ ውልቅ። ለኔ መልስ እንኳ ነፈገኝ። ይሄ ነገር እዚህ ጋ፣ ደረቴ ላይ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀርቷል። እሱ ሞተ፣ እማማ ሞተች፣ አጥንቱ ግን አለ።

በል አሁን ደስ ይበልህ። ትናንት የፊቱን ወንበር ፈታሁ። ከላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቆዳ ነው፤ ቅርብ ጊዜ የለበሰ፣ ስፌቱ የሚያሳፍር። እሱን ስገፍ ከሥሩ ቀይ ወጣ። ቀይ! እንደ በርበሬ። ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?" አለኝ። "ወንድሜ አሸነፈኝ" አልኩት። "በምን?" ቢለኝ "በቀለም" አልኩት።

ልክ ነህ። ቀይ ነው። በወረቀት ላይ አግኝተሃል፤ አስቀምጠው፤ ሁለተኛ አታገኘውም።

ግን ምን እንዳደረግኸኝ ልንገርህ። አንተ ወንበሩ ነበረህ። መንገዱ ነበረህ። አባባ ከጎንህ ነበረህ። እኔ ያ ነጭ ብቻ ነበረኝ። ከመስታወት ውጪ ቆሜ ያየሁት ነጭ። እሱንም ወሰድክብኝ። ለካ የኔ ብዬ የያዝኳት አንዲቷ ነገር እንኳ ሕልም ኖራለች። ከቀዩ በታች ምን እንዳለ ለማየት አንጀት አጣሁ፤ መቀሴን ጥዬ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

የኋላውን ሰኞ እፈታዋለሁ። "ጨርሶ አትንኪው" ስላልከኝ፣ በተለይ እሱን።

እህትህ


የካቲት 13

ጋቢና፣

መልእክትህ በአክስታችን ልጅ በኩል ደርሶኛል። "እስክመጣ አትንኪው በያት" ብለሃል። እሷ ደግሞ መንገድ ላይ ሰው አግኝታ ስታወራ ቆይታ ሰኞ ከሰዓት ደረሰች። ፈትቼ ጨርሻለሁ።

ከጥቁሩ ሥር ቀይ ነው። ከቀዩ ሥር ነጭ ነው።

ነጭ ነው! ያ ሰነፍ ሰፊ፣ እጁ ይባረክና፣ ነጩን ሳይገፍ ቀዩን ከላይ ደርቦበታል። ዘለልኩ እኮ! በዚህ ዕድሜዬ ሱቄ ውስጥ ዘለልኩ። ቀይም ልክ ነው ነጭም ልክ ነው፤ አንተ በኋላ አየህ፣ እኔ በፊት አየሁ። የኔ ከፊት ነው!

ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁትና መዝለሌን ተውኩ።

ነጩ ላይ እድፍ አለ። ትልቅ ነው፤ ከበሩ በኩል ተነሥቶ ወደ መሃል ይወርዳል። እድፍ ሥራዬ ነው፤ የዘይት እድፍ እንደሚሰፋ፣ የሻይ እድፍ ጠርዝ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ይሄ የታመመ ሰው እድፍ ነው። ታጥቧል፣ በብሩሽ ተፈግፍጓል፣ ቆዳው እስኪሳሳ ተፈግፍጓል። አልለቀቀም። ይህ አልለቅ ስላለ ነው ቀዩን ያለበሱት። ለቅንጦት አይደለም።

መቀመጫውን ከመደገፊያው ሳላቅቀው ከመሃል፣ ከሽቦው ሞላ ሥር፣ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ጫማ ነው። የልጅ ጫማ፣ ነጭ፣ የግራ። ማሰሪያው ተበጥሶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የእማማ ስፌት ነው። የእጅ ስፌት እንደ ፊርማ ነው፤ እሷ ክር ስትቋጥር ሁለቴ ታዞርና በጥርሷ ትነክሰዋለች፣ ጫፉ እንደ ትንሽ ጺም ይቀራል። ጺሙ ካለበት አለ።

ቀኙን አንተም ታውቀዋለህ። እማማ ሣጥን ውስጥ ነበር እስክትሞት፤ አሁን እኔ ጋ ነው። "ግራውን ወንዝ ጣልሽው" ትለኝ ነበር። "ታዲያ አንድ ጫማ ምን ይሠራልሻል?" ስላት፣ "ግራው ቢገኝስ" ትላለች። እስቅባት ነበር።

እኔ እዚያች መኪና ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስንገበገብ ኖርኩ። ጫማዬ ምን ይሠራል እዚያ ውስጥ?

አንተ ታውቃለህ። "አትፍቺ" ያልከኝ ስለምታውቅ ነው። እንዳትመጣ! ፊትህን እያየሁ መስማት አልችልም፤ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እመታሃለሁ። ጻፍ። እድፉ የማን ነው?


የካቲት 24

እህቴ፣

እድፉ ያንቺ ነው።

እማማ አስምላኝ ነበር። እሷም እኮ መርፌ እንደምትሆኚና የዓለምን ወንበር ሁሉ እንደምትፈቺ አላወቀችም። እንግዲህ ይሁን።

ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ትኩሳቱ ሰንብቶብሽ ነበር። የዚያን ቀን አባባ ለምሳ መጥቶ ገና እጁን ሲታጠብ ዓይንሽ ተገለበጠ፣ አንገትሽ እንደ እንጨት ደረቀ። እማማ "ልጄ ሞተችብኝ!" ብላ ጮኸች። መኪናዋ በር ላይ ናት። ጌታው ፋብሪካው ውስጥ እንግዳ እየጋበዘ ነው፤ አባባ ተመልሶ እንዲወስዳቸው ነው የሚጠበቀው።

ያ ትንፋሻችንን ይከለክል የነበረ ሰውዬ በሩን በእግሩ ከፈተው። በእግሩ! በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺን ታቅፎሻል፣ እጅ የለውም፤ የተዘጋውን በር እጀታ በጫማው ጫፍ መትቶ ከፈተው። ነጩ ወንበር ላይ፣ ከኋላ፣ ጌታው ራሱ በሚቀመጥበት አስተኛሽ። ጫማሽ ጭቃ ነበር። እኔ ጅሉ "አባባ፣ ጫማዋ!" አልኩት። "ዝም በል!" አለኝ። እማማ ጭንቅላትሽን ይዛ ገባች፤ መኪናዋ ሳትነሣ አስመለሰሽ።

ከዚያ ክላክሱን ተጫነና ሄደ። እስከ ሆስፒታል እጁን አላነሣም። ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጌታው ከእንግዶቹ ጋር ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የገዛ መኪናው እየጮኸች ፊቱ ስታልፍ አየ። እጁን አነሣ። አባባ አላቆመም። በማግስቱ ቁልፉን ተቀበሉት። "ልጄ እየሞተች ነበር" ቢላቸው፣ "ለልጅህ ጋሪ አልነበረም?" አሉት።

የክላክሱ ታሪክ ይሄ ነው። እኔ አልነካሁትም። ከሆስፒታል ስትወጪ ግራ ጆሮሽ ተዘግቶ፣ "አባባ መኪናዋን ለምን አያመጣም?" እያልሽ ታለቅሻለሽ። እማማ ጓዳ ጠርታ ትከሻዬን ያዘችኝ። "ክላክሱን የነካኸው አንተ ነህ፤ ገባህ? በኔ ምክንያት ነው ካለች ይቺ ልጅ ቀና ብላ አታድግም" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ይኸው እሺ እንዳልኩ አረጀሁ።

አባባ ስታነሺበት ተነሥቶ የሚወጣው ንቆሽ አይደለም። "እኔን ለምን አላስቀመጥከኝም?" ስትይው ምን ይበልሽ?

ግን መልአክ አታድርጊኝ። መኪናዋ ጥጉ ጋ ስትታጠፍ እየሮጥኩ ተከትያችኋለሁ። ምን እያሰብኩ ነበር መሰለሽ? እንዳትሞቺ አልነበረም። "እሷን ከኋላ አስቀመጣት" ነበር። ከኋላ! እንደ ጌታ! እኔን ፊት እንኳ አስቀምጦኝ አያውቅም። ያን ሰሞን ግንባሬን ምድጃ አጠገብ እያሞቅሁ "አባባ፣ እኔንም ትኩሳት ይዞኛል" እለው ነበር። አንቺ ብቻ መሰልሽ የምትቀኚው?

አዎ፣ ፊትም አስቀምጦኝ አያውቅም። ቀዩን የማውቀው እንዲህ ነው። ከተባረረ በኋላ ጌታውን ሊለምን ቤታቸው ሲሄድ እኔን ይዞኝ ሄደ፤ ልጅ ሲያይ ይራራል ብሎ ይሆናል። ጌታው አልወጣም። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ወንበሯ አዲስ ቀይ ለብሶ። አዲሱ ሹፌር ክፉ ሰው አልነበረም። "ና ግባ፣ እስከ ጥጉ ልውሰድህ" አለኝ። ጋቢና ገባሁ። ከግቢው ስንወጣ አባባ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በእግሩ እየሄደ ነበር። አለፍነው። እጄን አውለበለብኩለት። ልጅ ነኝ፤ ደስ ብሎኛል! ቀና ብሎ አየኝና እጁን አነሣልኝ። ሳቀልኝ።

የኔ ጋቢና ይቺው ናት። ሳወራት ሳወራት ያን ሹፌር አውርጄ አባባን መሪው ላይ አስቀመጥኩት። አባባም ሲሰማኝ አንድ ቀን "ውሸት ነው" አላለኝም።

ትቀኚባታለሽ? ውሰጃት።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ለወንድሜ፤

ሰላምታ አልጽፍም። ጉልበትህንም አልጠይቅም።

ሦስታችሁም! ሦስታችሁም ተማክራችሁ እኔን አሞኛችሁኝ። እማማን መቃብሯ ድረስ ሄጄ ተናግሬያታለሁ፤ ሰው እያየኝ። "ቀና ብላ አታድግም" አለች? በምን ቀና አልኩ ታዲያ? ወንድሜን ስጠላ፣ አባቴን ስቀየም፣ በሰው ወንበር ስቃጠል ነው ያደግሁት። ይሄን ሁሉ ቅናት ምን ላድርገው አሁን? የት ላስቀምጠው? ያደግሁት በሱ ነው፤ አሁን ባዶ እጄን አስቀራችሁኝ!

ግን ቶሎ ደስ አይበልህ። ሌላ አግኝቻለሁ። እንዲያውም ከፊተኛው ይብሳል።

የተቀመጥኩት እኔ፣ ያየኸው አንተ። አባባ በሩን በእግሩ ሲከፍት አየህ። ለኔ ብሎ! ነጩ ላይ ከነጭቃዬ ሲያስተኛኝ አየህ። እኔ ዓይኔ ተገልብጦ ነበር። በዕድሜዬ አንዴ ደረሰኝ፤ እሱንም ሳላየው አለፈኝ። ያን ክላክስ ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ጌታው ሰማ፣ ግድግዳው ሰማ። ለኔ ነበር የሚነፋው፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ይህን ዕድሜህን ሙሉ ይዘኸው ኖርክ፣ ደግሞ ለሌላው ሰው የምታወራው ስለ ጋቢና! ወርቁን ቀብረህ መዳብ ስትሸጥ። አንተ እኮ ጅል ነህ። እኔ ብሆን ያቺን የእግር ነገር በየመንገዱ እየቆምኩ ነበር የማወራት።

ስለዚያ ስለ ጥጉ፣ አባባ ኮፍያውን ይዞ ስለሄደበት፣ አሥሬ አነበብኩት። እንኳን እጅህን አውለበለብክለት። ውሰጂው ብለሃል፤ አልወስደውም። ያንተ ነው፤ ከባድ ነው፤ ያዘው።

ወንበሩን ጨርሻለሁ። የፊቱን ቀይ፣ የኋላውን ነጭ አደረግሁት። ሐኪሙ "ሁለት ቀለም? ሰው አይስቅብኝም?" አለ። "የሚስቅ ሰው ጥርሱን ያሳያል፤ ላንተ ገበያ ነው" አልኩት።

እድፉን አልጣልኩትም። አሮጌ ላይ አዲስ የሚደርብ ሰነፍ ነው እያልኩ ኖሬ፣ እኔም በስተርጅና ሰነፍኩ። ያን ነጭ ካለበት ሳልነካው አዲሱን ነጭ ከላዩ አለበስኩት። የመጨረሻውን ክር በእጄ ነው የቋጠርኩት። ሁለቴ አዙሬ በጥርሴ ነከስኩት። አንድ ቀን የሚፈታው ሰው ካለ ይገረም። ጫማዎቹ ጥንድ ሆነዋል፤ ለማንም ልክ አይሆኑም።

በል ና። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ፤ ሐኪሙ ነጂ አጥቶ ነው። ኮፍያ አድርገህ ና። በሩን ስትከፍትልኝ በእጅህ ክፈት፤ በእግር መክፈት የአባባ ነው። እኔ ከኋላ ነኝ። ከድሮው ቤታችን በር ተነሣና በጌታው ግቢ በኩል እለፍ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ቁም። ጋቢናውን ክፈተው፤ ትንሽ ይቆይ፤ በእግሩ ሲሄድ የደከመው ካለ ይግባ። ከኋላህ የሚያጓራ መኪና ካለ ያጓራ።

ከዚያ በሩን ዝጋና ክላክሱን ተጫን። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እጅህን እንዳታነሣ። ፖሊስ ቢያስቆመን የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ አትችልበትም።

የዛሬውስ ቁጭ ብዬ ነው፤ አልተኛም። ደግሞ ምንም አታስብ፣ አንድ ጆሮ ይበቃኛል።

እህትህ፣
መርፌ